ባክቴሪያውን መቁጠር ትተሽ ብረቱን ተከታተይ

ጥያቄው፦ «የኬሚካል ምሕንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ነው። 10 ግራም የፓይራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ኮንሰንትሬት፣ ብረት ያልገባበት 100 ሚሊ ሊትር ናይን ኬይ የሚባል የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ጨምሬ፣ በ250 ሚሊ ፍላስክ፣ በ30 ዲግሪ፣ ሼከር ላይ 14 ቀን አቆየሁት። ባክቴሪያው አሲዲታዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ ነው። በየቀኑ ሼከሩን አቁሜ፣ ዱቄቱ ሲዘቅጥ ከላይ ካለው ፈሳሽ ናሙና እየወሰድኩ ሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ ቆጠርኩ፤ ብረቱንም ለካሁ። በሞኖ የባክቴሪያ ዕድገት ቀመር የሠራሁት ሞዴል እስከ 9ኛው ቀን ከቆጠራው ጋር በደንብ ይገጥማል፤ አር ስኩዌሩ 0.98 ነው። ከዚያ ወዲህ የሕዋሳቱ ቁጥር በግማሽ ወረደ። ብረቱ ግን በሊትር ከ7 ግራም ወደ 12 ግራም ወጣ፤ ያውም ቀጥ ባለ መስመር። ባክቴሪያው እየሞተ ብረቱ ከየት መጣ? ሞኖን ትቼ ሎጂስቲክ ወይስ ጎምፐርትዝ ልጠቀም? ሞዴሉን ለትልቅ ታንክ ዲዛይንስ መጠቀም እችላለሁ?»

ቀመር መቀየሩ ምንም አይፈይድልሽም። ሎጂስቲክም ጎምፐርትዝም የመጀመሪያዎቹን 9 ቀናት አሳምረው ይገጥሙልሻል። ከዚያ በኋላ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አይነግሩሽም። ችግሩ ያለው ኩርባው ላይ ሳይሆን የቆጠርሽው ነገር ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ባክቴሪያው አልሞተም። ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ከራስሽ ቁጥሮች ብቻ ማሳየት ይቻላል። ፓይራይትን የሚያሟሟው ፌሪክ፣ ማለትም ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት ነው። አንድ ሞል ፓይራይት ለማሟሟት 14 ሞል ፌሪክ ያስፈልጋል። ሲሟሟ 14ቱም ወደ ፌረስ (ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ያጣ ብረት) ይለወጣሉ፤ ከፓይራይቱ ደግሞ 1 ሞል አዲስ ብረት ይወጣል። እንግዲህ በ9ኛው ቀን ባክቴሪያው በሙሉ ሞቷል እንበል። ፈሳሹ ውስጥ የነበረው 7 ግራም ብረት ሁሉ ፌሪክ ነበር ብለን ብናዳላ እንኳ፣ እስኪያልቅ ድረስ ሊያወጣ የሚችለው 7 ለ14 ሲካፈል፣ ግማሽ ግራም ብቻ ነው። አንቺ ያገኘሽው 5 ግራም ነው። አሥር እጥፍ! ያገለገለውን ብረት እየደጋገመ የሚያድስ ሕይወት ያለው ነገር ፍላስኩ ውስጥ ነበር ማለት ነው። አየር ብቻውን እንዲህ ባለ አሲድ ውስጥ ፌረስን ወደ ፌሪክ የሚመልሰው እጅግ ቀስ ብሎ ስለሆነ ከቁጥር አይገባም።

ከዚህ ድምዳሜ ማምለጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ትነት ነው። በጥጥ የተደፈነ ፍላስክ በ30 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ውኃው ይቀንሳል። በትነት ብቻ ከ7 ወደ 12 ግራም ለመድረስ ግን ከ100 ሚሊው ወደ 42 ሚሊ የሚጠጋው መትነን አለበት። ያን ያህል ቢጎድል በዓይንሽ ታዪው ነበር። በየቀኑ ፍላስኩን እየመዘንሽ የጎደለውን አሲድ በገባበት ውኃ ካልሞላሽ ግን ከ5ቱ ግራም ጥቂቱ የትነት ሥራ ነው። በሚቀጥለው ሙከራ መመዘኑን እንዳትረሺ።

ታዲያ ሕዋሳቱ የት ሄዱ? ድንጋዩ ላይ ናቸው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ማዕድን ሲያገኙ በሰዓታት ውስጥ ይለጠፉበታል፤ ሙጫ የመሰለ ነገር ያመነጩና እዚያው ይራባሉ። አንቺ ሼከሩን አቁመሽ፣ ዱቄቱ እስኪዘቅጥ ጠብቀሽ፣ ከላይ ያለውን ጠራ ያለ ፈሳሽ ነው የወሰድሽው። ይህ የአንድን ሰፈር ሕዝብ ለማወቅ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ብቻ እንደ መቁጠር ነው፤ ቤቱ የተቀመጠው አልተቆጠረም። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ቁጥር ሲወርድ ሕዋሳቱ ሞተው ሊሆን ይችላል፤ ወደ ድንጋዩ ሄደውም ሊሆን ይችላል። ቆጠራው ብቻውን ይህን አይለይም። በዚያ ላይ አንድ ሕዋስና አንድ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ሥር እንዴት እንደሚመሳሰሉ የቆጠረ ያውቀዋል። በማይክሮስኮፑ ሥር 100 ነጥብ ብትቆጥሪ ከስታቲስቲክስ ብቻ የሚመጣው ስህተት 10 በመቶ ነው። ብረቱን ግን በጥንቃቄ ከሠራሽ በ1 እና በ2 በመቶ ስህተት ልትለኪው ትችያለሽ።

አሁን ወደ ዋናው አለመግባባት ልምጣ። ብዙ ጽሑፍ ላይ «ማዕድን የሚበላ ባክቴሪያ» የሚባል ነገር አለ። ለርዕስ ያምራል፤ ለሞዴል ግን አሳሳች ነው። ይህ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1947 ከድንጋይ ከሰል ማዕድን በሚወጣ አሲዳማ ውኃ ውስጥ ሲገኝም የታየው ዋና ሥራው ፌረስን ወደ ፌሪክ መለወጡ ነው። ሰልፈርም ኦክሲዳይዝ ያደርጋል፤ የፓይራይቱን ቀፎ የሚሰብረው ግን ፌሪኩ ነው።

ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸው በታክሲ ነው። ከመገናኛ ፒያሳ የሚመላለሱ ታክሲዎችን አስቢ። መገናኛ የፓይራይቱ ገጽ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ፌሪክ ባዶ ታክሲ ነው። መገናኛ ሄዶ አንድ ሰው ይጭናል፤ ያኔ ፌረስ ይሆናል። ፒያሳ ላይ ባክቴሪያው ያወርድለትና ተሳፋሪውን ለኦክስጅን ያስረክባል። ታክሲው ባዶውን ይመለሳል። ጉዞው የሚጓተተው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ መገናኛ ላይ መጫኑ ዘግይቷል፣ ወይ ፒያሳ ላይ ማውረዱ ተጨናንቋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። የሚያልፈው ታክሲ ሁሉ ባዶ ከሆነ የዘገየው መጫኑ ነው፤ ማለትም ማዕድኑ ነው። ሁሉም ሙሉ ከሆነ የተጨናነቀው ማውረጃው ነው፤ ባክቴሪያው አንሷል ወይም ኦክስጅን አጥሯል።

መንገድ ዳር የሚቆመው ሰው የሬዶክስ ኤሌክትሮድሽ ነው። የሚያነበው የፌሪክና የፌረስን ሬሾ ነው። በ30 ዲግሪ ሬሾው 10 እጥፍ በጨመረ ቁጥር ንባቡ 60 ሚሊቮልት ያህል ይጨምራል። በጥያቄሽ ውስጥ ስለ ሬዶክስ አንድም ቃል አላየሁም። ካልለካሽው በጣም ርካሹና ትልቁ መረጃ አምልጦሻል።

ሞኖ ለምን እንደማይበቃ አሁን ግልጽ ይሆናል። ዣክ ሞኖ ያን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያወጣው ስኳር የሚመገብ ባክቴሪያን እያየ ነው። ስኳሩ ፈሳሹ ውስጥ ሟሟል፤ ይበላል፣ ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ዕድገቱ ይቆማል። በአንቺ ፍላስክ ምግቡ ፌረስ ነው፤ እሱ ግን ሲበላ እንደገና ይመረታል። ፈሳሹ ውስጥ ፌረስ ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ ባክቴሪያው ለቀናት በደስታ ሲሠራ ታያለሽ። «ምግቡ የለም፣ ግን ይበላል» የሚል ዳታ ለሞኖ ብትሰጪው የሆነ ቋሚ ቁጥር አጣጥሞ ያወጣልሻል፤ ቁጥሩ ግን ትርጉም የለውም። በዚያ ላይ ፌሪክ ሲበዛ ባክቴሪያውን ያፍነዋል፤ ተራው ሞኖ ይህን አያውቅም። አር ስኩዌር 0.98 እንዳያሞኝሽ። በ9 ነጥብ ላይ ሦስት አራት ቋሚ ቁጥር እየጠመዘዙ ማንኛውንም ኤስ ቅርጽ ማስገጠም ይቻላል።

የምመክርሽ ሁለት ቀመሮችን ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በዚያው ሬሾ ነው። ለባክቴሪያው፦

የፌረስ ፍጆታ በአንድ ሕዋስ = ከፍተኛው ፍጥነት ÷ (1 + ቋሚ ሀ × ፌሪክ ለፌረስ)

ለማዕድኑ ደግሞ ሬሾው ይገለበጣል፦

የፓይራይት መሟሟት በአንድ ስኩዌር ሜትር ገጽ = ከፍተኛው ፍጥነት ÷ (1 + ቋሚ ለ × ፌረስ ለፌሪክ)

ሬሾው ከፍ ሲል ባክቴሪያው ይዳከማል፤ ማዕድኑ ይፈጥናል። ዝቅ ሲል ተቃራኒው ይሆናል። ፍላስኩ ራሱ ሁለቱ የሚስማሙበትን ሬሾ ፈልጎ እዚያ ይቀመጣል። ሞዴልሽ ያንን ነጥብ ማግኘት ከቻለ ሥራው ተሠርቷል። የትኛው ባክቴሪያ እንደሚያሸንፍም ከዚሁ ይገባሻል። አሲዲታዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ ፌረስ ሞልቶ ሲገኝ ፈጣን ነው፤ ፌሪክ ሲገን ግን ቶሎ ይንበረከካል። ሌፕቶስፒሪለም የሚባለው ሌላ ፌረስ በል ባክቴሪያ ግን ፌሪኩ በብዙ መቶ እጥፍ በልጦም ይሠራል። ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጉ የፓይራይት ታንኮች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሠው እሱ የሆነው ለዚህ ነው። በፍላስክ የለካሽው ባክቴሪያ ታንኩ ውስጥ ላይኖር ይችላል ማለት ነው!

ስለ ሕዋሳቱ ብዛትስ? ለዲዛይን የሚያስፈልገው ምን ያህል ፌረስ ሲበላ ምን ያህል ሕዋስ እንደሚገኝ ነው። ምርቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ 56 ግራም የሚያህል ፌረስ ተበልቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ግማሽ ግራም ደረቅ ሕዋስ ቢሆን ነው። የለጠፉትንና የሚዋኙትን ለየብቻ የሚከታተሉ ሞዴሎች አሉ፤ ጥሩ ናቸው። ግን የለጠፉትን አላቅቆ መቁጠር ይጠይቃሉ፤ በማስተርስ ጊዜ ውስጥ ባትገቢበት ይሻላል።

ያ ቀጥ ያለ መስመር ግን አሳስቦኛል። ባክቴሪያ ሲራባ ኩርባው ወደ ላይ ይጎብጣል። ቅንጣቶች እያነሱ ሲሄዱ ወደ ታች ይጎብጣል። ለአምስት ቀን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከውጭ በተወሰነ መጠን የሚገባ ነገር ምልክት ነው። እዚህ ከውጭ የሚገባው አየር ብቻ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በሊትር በቀን 1 ግራም ብረት ነው የወጣው። ያ የሚገኘው ከ2.15 ግራም ፓይራይት ነው። ፓይራይት እስከ ፌሪክና ሰልፌት ሲደርስ የሚፈልገው ኦክስጅን በክብደት ከራሱ ጋር እኩል ነው፤ ለ1 ኪሎ 1 ኪሎ። ስለዚህ በሊትር በቀን 2.15 ግራም ኦክስጅን፣ ማለትም በሰዓት 90 ሚሊ ግራም ያህል ተበልቷል። ውኃው በአንድ ጊዜ ስንት ይይዛል? በባሕር ጠለል፣ በ30 ዲግሪ፣ ንጹሕ ውኃ 7.5 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚህ የሚይዘው 5.6 ያህል ብቻ ነው። ጨውና አሲድ ሲገባበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እንግዲህ ፍላስክሽ ኦክስጅኑን በሰዓት 16 ጊዜ፣ በየ4 ደቂቃው ገደማ፣ ሙልጭ አድርጎ መሙላት ነበረበት። በ250 ሚሊ ፍላስክ 100 ሚሊ ተሞልቶ፣ 10 በመቶ ዱቄት ተጨምሮበት፣ ይህ ወደ ጣሪያው የቀረበ ነው። የባክቴሪያውን ባሕርይ ለካሁ ብለሽ የለካሽው የሼከርሽን ፍጥነት ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሁሉንም ነገር እንዳለ አድርጊ፤ ዱቄቱም 10 በመቶ ይሁን፤ ፈሳሹን ብቻ ከ100 ወደ 50 ሚሊ ቀንሺ። መስመሩ በሊትር ሲታሰብ አቀበቱ ከጨመረ ጥፋተኛው ኦክስጅን ነው። ካልተለወጠ ማዕድኑ ነው። ሬዶክሱም መመስከር አለበት፤ ኦክስጅን ሲያጥር ታክሲዎቹ ሙሉ ናቸው፣ ንባቡም ዝቅ ይላል።

ስለ ማዕድኑ ገጽ አጭር ልበል። ቅንጣቶችን ሁሉ አንድ መጠን ያላቸው ክብ ኳሶች አድርጎ እየከሰሙ እንዲሄዱ የሚያደርገው ቀመር ለመጀመሪያ ይበቃል። ግን ወፍጮ የፈጨው ዱቄት አንድ መጠን የለውም። በወንፊት ለይተሽ ጠበብ ያለ መጠን ብቻ ብትጠቀሚ ግማሹን ጣጣ ትገላገያለሽ።

የሚያታልልሽ ሌላው ነገር ጃሮሳይት ነው። ፍላስኩ ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው ቢጫ ነገር አለ አይደል? እሱ ከማዕድኑ ወጥቶ እንደገና የዘቀጠ ብረት ነው። ፒኤች ወደ 2 ሲጠጋና ከዚያ ሲያልፍ ይፈጠራል፤ የናይን ኬይ አሞኒየምና ፖታሲየም ደግሞ ያግዘዋል። ፈሳሹ ውስጥ የለካሽው 12 ግራም ጠቅላላው የወጣው ላይሆን ይችላል። ፒኤቹን ከ1.8 በታች ያዢ፤ በመጨረሻም ዝቃጩን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥበሽ ብረቱን ለኪ። እኔ በአንድ ወቅት የሦስት ሳምንት የሬዶክስ ንባብ ጥያለሁ። ኤሌክትሮዱን ይኸው ቢጫ ነገር ሸፍኖት ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድም ቀን ሬሾው በታወቀ ፈሳሽ አልፈተንኩትም ነበር።

ወደ ታንኩ እንምጣ። አሁን ባለሽ ሞዴል ታንክ ዲዛይን ማድረግ አትችዪም። ፍላስክ አንዴ ተሞልቶ የሚተው ነው፤ ፋብሪካ ያለማቋረጥ ይገባበታል፣ ያለማቋረጥ ይወጣበታል። እዚያ ትልቁ አደጋ ባክቴሪያው ከሚራባበት ፍጥነት በላይ ታጥቦ መውጣቱ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ ባርበርተን አካባቢ ያለው ፌርቪው የወርቅ ማዕድን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ወርቅ የያዘ ሰልፋይድን በዚህ መንገድ ያዘጋጃል። ባዮክስ የሚባለው የዚህ ቴክኖሎጂ የተለመደ አደራደር ስድስት እኩል ታንኮች አሉት፤ ሦስቱ ጎን ለጎን መጀመሪያ፣ ሦስቱ ተከታትለው ኋላ። ለምን ስድስቱም በተርታ አልሆኑም? ጠቅላላ ቆይታው 4 ቀን ነው እንበል። ስድስቱም በተርታ ቢሆኑ በመጀመሪያው ታንክ የሚቆየው 16 ሰዓት ብቻ ነው፤ ባክቴሪያው እዚያ ለመቆየት በሰዓት ከ6 በመቶ በላይ ማደግ አለበት። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ቆይታው 48 ሰዓት ይሆንና 2 በመቶ ይበቃዋል። በፌረስ ብቻ በሚመገብ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ በሰዓት 10 በመቶ የሚያድግ ባክቴሪያ፣ 20 በመቶ ዱቄት እየፈገፈገው፣ መቀላቀያው እየመታው ያን ያህል አያድግም። የዕድገት ሞዴል እውነተኛ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፤ የመጀመሪያውን ታንክ ስፋት ይወስናል። ከዚያ በኋላ ያሉትን የሚገዛው ማዕድኑ ነው።

የአየሩ ጉዳይ በታንክም ይከተልሻል፤ ሙቀቱም ይጨመርበታል። ፓይራይት ሲቃጠል ቀዝቃዛ እሳት ነው፤ ከ1 ኪሎ 12 ሜጋ ጁል ገደማ ይወጣል። እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ፣ ካሴሴ፣ ከኪሌምቤ የመዳብ ማዕድን የተረፈውን ኮባልት ያዘለ ፓይራይት በባክቴሪያ ያሟሙበት ፋብሪካ ነበር። እንደዚያ ባለ ቦታ ገንዘቡ የሚሄደው ለባክቴሪያው ምግብ ሳይሆን ለአየር መንፊያና ለማቀዝቀዣ ነው።

ሁለት ቦታ ግን ይህን ምክር እንዳለ እንዳትወስጂ። አንደኛው ቻልኮፓይራይት የሚባለው የመዳብ ማዕድን ነው። እሱ ሬዶክስ በጣም ከፍ ሲል ራሱን ሸፍኖ መሟሟት ያቆማል፤ ስለዚህ የበረታ ባክቴሪያ ሥራውን ሊያበላሽ ይችላል። ሁለተኛው ክምር ነው። ድንጋይ ተከምሮ አሲድ ሲንጠባጠብበት ወሳኞቹ ነፋስ፣ ሙቀትና የውኃ መንገድ ናቸው። ፊንላንድ ውስጥ ታልቪቫራ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ኒኬል በዚህ መንገድ ማምረት ሲጀምር ብዙዎች የፈሩት ብርዱን ነበር። ክምሩ በራሱ ሙቀት ሠራ። ክፉኛ ያስቸገረው ግን የተጠራቀመው ውኃ ነበር፤ በ2012 የጂፕሰም ኩሬው አፈሰሰ፣ በ2014 ኩባንያው ከሰረ። የትኛውም የዕድገት ኩርባ ይህን አይተነብይም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የሞኖውን ምዕራፍ ከመመረቂያ ጽሑፍሽ አውጪው። ዳታው አይጣል፤ ለፈተና ይቆይ። መጀመሪያ ባክቴሪያውን ያለ ማዕድን፣ በፌረስ ብቻ አሠሪውና ሬዶክሱን ተከታትለሽ ቋሚ ሀን አግኚ። ቀጥሎ ማዕድኑን ያለ ባክቴሪያ፣ በፌሪክ ብቻ አሟሚውና ቋሚ ለን አግኚ። ከዚያ ሁለቱን አገናኝተሽ የ14 ቀኑን ፍላስክ ውጤት ምንም ቋሚ ሳትነኪ ተንብዪ። ከተቀራረበ ሞዴል አለሽ። ካልተቀራረበ ምን እንደጎደለ ታውቂያለሽ፤ ቋሚ ቁጥር ጠምዝዞ ማስገጠም ግን አይፈቀድም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የ50 ሚሊውን ፍላስክ ጀምሪ። እርሾውን ከአሮጌው ፍላስክ ከዱቄቱ ጋር ቅጂ፤ ድንጋዩን የለመደው እዚያ ነው ያለው፣ ከፈሳሹ ብቻ ብትወስጂ ብዙ ቀን ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ሬዶክሱን ጠዋትና ማታ መዝግቢ። አምስት ቀን ይበቃል።